በቦዮ መሀል የጠፋው ሞተር

ጣቢታ እንዲህ ትላለች። ጀልባዋ ቦዮ ሐይቅ መሀል ስትደርስ አንድ ጉማሬ ከፊት ለፊታቸው ጭንቅላቱን ብቅ አደረገ። ከማል ደነገጠ፤ ደንግጦም ሞተሩን በገዛ እጁ አጠፋው። እጁ የነዳጁን ማንሻ ወደ ኋላ ሲመልስ በዓይኗ አይታዋለች። ሞተሩም ወዲያው ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ ከማል እየተንቀጠቀጠ ገመዱን ቢስብ፣ ደግሞ ቢስብ፣ የሚነሣ ነገር ጠፋ። ሞተሩ ደኅና ነው፤ ችግሩ ሰውየው ነው።

ከማል ደግሞ እንዲህ ይላል። ጉማሬው ብቅ ማለቱ እውነት ነው። እሱ ግን ጉማሬ ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም፤ ሐይቁ ዳር ተወልዶ እዚያው ሸብቷል። ሞተሩን አላጠፋም። ሞተሩ ራሱ ነው የሞተው፤ ጉሮሮውን ታንቆ እንደሚሞት ሰው፣ አንድ ጊዜ ሳል ብሎ። ገመዱን መዳፉ እስኪላጥ ስቧል። መዳፉም ይኸው።

ጠና ሁለቱንም ሰማ። ጠና በሆሳዕና ከተማ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ የወፍጮ ሞተርና የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ነው። ጣቢታ ታናሽ እህቱ ናት፤ አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋትም፣ ለድሬሰርነት ትምህርት የላካትም እሱ ነው። ከማል የጤና ጣቢያው ጀልባ ነጂ ነው። ጠና ከሁለቱ አንዳቸውም ሲዋሹ ሰምቶ አያውቅም፤ ያስፈራውም ይኸው ነበር። እህቱ ትክክል ከሆነች መፍትሔው ቀላል ነው፤ ነጂ መቀየር። ከማል ትክክል ከሆነ ግን ያ ሞተር ነገም ሐይቁ መሀል ይሞታል። ነገ ጀልባዋ ላይ የምትቀመጠው ደግሞ ጣቢታ ናት።

የዚያ ዓመት ክረምት የከፋ ነበር። ቦዮ ከዳርቻው ወጥቶ መሬቱን ሁሉ ስለሸፈነው ማዶ ያሉት መንደሮች ከሰው ተቆርጠው ቀሩ። ውሃው ወባ አመጣባቸው። በየቤቱ አንድ ሁለት ሰው በትኩሳት ወድቋል፤ ሕፃናትም እየሞቱ ነው ተባለ። ጣቢታ መድኃኒቱን ይዛ ልትሻገር የሞከረችው ለዚህ ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ጀልባዋ ነፋሱ ወደ ወሰዳት ሄደች፤ ጉማሬዎቹም አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እያናፉ አጀቧት። ሁለቱ በመድኃኒት ሣጥን ክዳን ሲቀዝፉ ዋሉ። ወደ ማታ ግድም ዓሣ አጥማጆች በገመድ ጎትተው በደንገሉ መሀል ወደ ዳር አወጧቸው።

አሁን ሞተሩ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በፈረስ ጋሪ ተጭኖ ጠና ደጃፍ ደርሷል። ትንሽ ነው፤ አንድ ጎልማሳ ብብቱ ሥር ይዞት ይሄዳል። ከብዙ ዓመት በፊት ሐይቁን ሊለኩ የመጡ ፈረንጆች ትተውት የሄዱት አሮጌ ዕቃ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ይታያል። ጠና ቅጠሉን ቀስ ብሎ ገለጠው። ሞተር አያስፈራውም። የሚያስፈራው ውሃ ነው። በዕድሜው ከጉልበቱ በላይ ውሃ ገብቶ አያውቅም።

«ወንድም ጋሼ፣ አትድከም» አለች ጣቢታ። «እጁን አይቻለሁ ብዬሃለሁ።»

ከማል የተገለበጠ ጀሪካን ላይ ተቀምጧል። «እጄንማ አየሽ» አለ። «ዓይንሽን ከጉማሬው ላይ መቼ አንስተሽ እጄን እንዳየሽ ነው ያልገባኝ።»

«አንድ ዓይኔ ለጉማሬው፣ አንዱ ለእርስዎ ነበር።»

«የእኔ ግን ሁለቱም ለጉማሬው ነበሩ፤ አልዋሽም።»

ጣቢታ ሳትወድ ሳቀች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ አቶ ተክለጊዮርጊስ ግን አልሳቁም። ረጅም፣ ቀጭን፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ናቸው። ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት፣ መድኃኒቱ ለምን አልደረሰም የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣባቸዋል።

«ጠና፣ የምፈልገው አንድ ቃል ነው» አሉ። «ጥፋቱ የሰው ነው ወይስ የብረት? የሰው ከሆነ ሰው እቀይራለሁ። የብረት ከሆነ ብረቱን ሥራልኝ። ነገ ማለዳ ጋሪው ወደ ሐይቁ ይመለሳል።»

«ልየው፣ ጌታዬ።»

ጠና ከቀላሉ ጀመረ። ቤንዚኑን ቀድቶ በመዳፉ አሻሸው፤ ዘይቱ በልኩ ተደባልቋል። ካርቡራተሩን ፈትቶ ነፋው፤ ንጹሕ ነው። ካንዴላውን አውጥቶ ከብረቱ ጋር አስነክቶ ያዘውና ገመዱን ሳበ፤ ሰማያዊ እሳት ጠጭ አለ። አንድ ሞተር ቤንዚን፣ አየርና እሳት ካለው ሌላ ምን ይጎድለዋል? የዝናብ ውሃ የሞላበት በርሜል ከንፈር ላይ ሞተሩን በብሎን አሠረውና ገመዱን ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ።

የተነሣውም እንደ አዲስ ነው። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ተገላበጠ፤ ሰማያዊ ጭስ ዳሱን ሞላው። ጣቢታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ ከማል ዞረች። አቶ ተክለጊዮርጊስ በረጅሙ ተነፈሱ። ከማል ሞተሩን አፍጥጦ ያየው ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ንዴት ሳይሆን እንደ ሐዘን ያለ ነገር ነው፤ ያሳደጉት ልጅ ሸንጎ ፊት እንደመሰከረበት ሰው።

«እንግዲህ ተለየ» አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ። «ሌላ ነጂ እፈልጋለሁ። ከማል፣ አልቆጣህም፤ ፍርሃት በማንም ይደርሳል።»

«እኔ ፈርቼ አላጠፋሁትም» አለ ከማል በቀስታ።

ጠና በዚያች ሰዓት ደስ ሊለው በተገባ ነበር። ሞተሩ ደኅና ከሆነ እህቱም ደኅና ናት። ነገር ግን ልቡ እንደተሰቀለ ቀረ። አንድ ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገብቷል፤ የቤንዚን አይደለም፣ የዘይትም አይደለም። መንገድ ሲሠራ እንደሚቀልጥ ሬንጅ ያለ ነው፤ ከሞተሩ ራስ፣ ቮላኖ ከሚባለው ከባድ ተሽከርካሪ ብረት ሥር ይመጣል።

«ትንሽ ይሥራ» አለ። «እስከ ቀትር ታገሡኝ፤ አላጥፋው።»

«የሚሠራ ነገር ላይ ምን ይታያል?» አለች ጣቢታ። መልስ ግን አልጠበቀችም፤ መድኃኒቷን ልታሰናዳ ከአቶ ተክለጊዮርጊስ ጋር ሄደች። ከማል ከጀሪካኑ አልተነሣም።

ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ጎን ያለው ወፍጮ ምድሩን እየነቀነቀ ይጮኻል፤ በር ላይ ስንዴና ገብስ የጫኑ ሴቶች ተሰልፈው ያወራሉ። ጠና እጁን በርሜሉ ውስጥ እየነከረ ጠበቀ። ውሃው ለብ አለ፤ ከዚያ ሞቀ፤ ቆይቶም እጅ አላስነክር አለ። ሞተሩ አሁንም አልተናነቀም። ያኔ ጠና የጉማሬው ነገር ትዝ አለው፤ ሰው መንገዱ ላይ ጉማሬ ቢያይ ምን ያደርጋል? ወደ ማንሻዋ እጁን ሰደደና ፍጥነቱን ቀስ አድርጎ ቀነሰው።

ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለና ጸጥ አለ።

ጠና ገመዱን ሳበ፤ ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ካንዴላውን አውጥቶ ከብረቱ ጋር አስነክቶ ሞከረው፤ ያ ሰማያዊ እሳት የለም። ጥቁር ብረት ብቻ። በዳሱ ውስጥ ቆሞ ሳለ ሰፊውን ውሃ በሐሳቡ አየው፤ ጀልባዋ በነፋስ ስትዞር፣ እህቱ የሣጥን ክዳን ይዛ ስትቀዝፍ፣ ከጀልባዋ ሥር ውሃው በአንድ ትልቅ ነገር ወደ ላይ ሲያብጥ።

«አሁን ሰማኸው?» አለ ከማል። ድምፁ ውስጥ የድል ስሜት አልነበረም።

«ሰማሁት፣ ጋሽ ከማል። ማንሻዋንስ አልነኩም ነበር?»

ከማል አሰበ። «ፍጥነት ቀንሻለሁ። ጉማሬ ላይ እየበረርኩ ልሂድ እንዴ? ቀነስኩ እንጂ አላጠፋሁም።»

«እንግዲያው ሁለታችሁም ያያችሁትን ነው የተናገራችሁት።»

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ሻይ ጠጡ። ሲቀዘቅዝ እሳቱ ተመልሶ መጣ። ጠና ይህን ሲያይ የባሰ ፈራ። ተበላሽቶ የሚቀር ሞተር ማንንም አያታልልም። ይህ ግን ዳር ላይ እየሠራ፣ መሀል ወስዶ የሚጥል ነው።

ቮላኖውን ፈትቶ አነሣው። ከሥሩ ያለው ቦቢና፣ እሳቱን ለካንዴላው የሚያመነጨው የሽቦ ጥቅል፣ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ እንደ ሬንጅ ያለው ጥቁር ልባሱ ቀልጦ ወደ ታች እንደ እንባ ወርዷል። ብርድ ላይ ሽቦዎቹ አይነካኩም፤ ሲሞቅ ይነካካሉ፤ እሳቱም ይጠፋል። በፍጥነት ሲሽከረከር እንደምንም ይገፋዋል፤ ቀስ ሲል ግን አቅም ያጣል። እስከዚህ ገባው። ግን ውሃ እየጠጣ ራሱን የሚያቀዘቅዝ ሞተር፣ ሐይቅ ሙሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ሬንጅ እስኪቀልጥ ድረስ ምን አሞቀው?

ሞተሩን ገልብጦ ውሃ የሚገባበትን ቀዳዳ በካቻቢቴ ጫፍ ቆረቆረ። ደረቅ ጭቃ ረገፈ። ከጭቃው ጋር አንድ ነጭ ክር ወጣ፤ ከዚያ ሌላ። በፒንሳ ይዞ ሲስበው እየረዘመ መጣ።

«ይሄ ቃጫ ነው» አለ።

«አዎ፣ ቃጫ ነው» አለ ከማል፣ ግልጽ ነገር እንደተጠየቀ ሰው። «እኔ ነኝ ያሰርኩት። የዘንድሮው ቦዮ ውሃ መሰለህ እንዴ? ገንፎ ነው። ጭቃው ሆዱ እንዳይገባ ብዬ ቀዳዳው ላይ ማጥለያ አሰርኩለት። መሀል ላይ ስንቆም ውሃውን የሚገፋው ኤሊካ ላይ ተጠምጥሞ እንደሆነ ብዬ በጥሼ ጣልኩት።»

ጠና ክሩን በጣቱ አሻሸው። እንሰት የሚፋቅበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም። ቃጫ በያንዳንዱ ቤት ማጥለያ ነው። የወተቱ ዕቃ አፍ ላይ ይወተፋል፤ ማሩ በእሱ ይጣራል፤ ጉድፉን ይዞ ንጹሑን ያሳልፋል። ከማል ለሞተሩ ያደረገለት ሚስቱ ለወተቷ የምታደርገውን ነው። ነገር ግን ወተት ዝግ ብሎ ይንጠባጠባል፤ ሞተር ይጎነጫል። ቃጫው ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ የቦዮ ጭቃ ሲለጠፍበት ደግሞ እንደ ግድግዳ ይመረጋል። ሞተሩ ውሃ መሀል ቆሞ በጥም ነደደ።

ጣቢታ ስትመለስ ጠና ሁሉንም አሳያት፤ ቦቢናውን፣ ክሩን፣ የቀዘቀዘውን ውሃ። እያየች ፊቷ ተለወጠ።

«ቃጫውን መርጬ የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለች። «ንጹሕ ነጩን። ጋሽ ከማል ጥሩ ብልኀት አመጡ ብዬ አመስግኛቸዋለሁ።»

«እሱን ለአቶ ተክለጊዮርጊስ ሳትነግሪ ቀርተሻል» አለ ከማል። «እጄን ብቻ ነገርሽ።»

«እጅዎ ነዋ የሚታየው።» ጎንበስ ብላ የተላጠውን መዳፉን ያዘች። «ይቅር ይበሉኝ። ቅባት አደርግልዎታለሁ።»

«አድርጊልኝ። እንዳይጠብቅ ብቻ፤ በቃጫ አትሰሪው።»

አቶ ተክለጊዮርጊስም መጡና ሰሙ። አልተቆጡም፤ ግን የበለጠ ጠወለጉ። «ቦቢና ከአዲስ አበባ ይመጣል?»

«ለዚህ ሞተር አዲስ አበባም የሚገኝ አይመስለኝም።» ጠና ዓይኑን በር ላይ ወደ ቆመችው የጤና ጣቢያው ላንድሮቨር መለሰ። «የእርስዎ መኪና ቦቢናና ባትሪ ቢኖረኝ ግን ከውጭ ላገናኘው እሞክራለሁ።»

«የእኔ መኪና? እኔስ በምን እሄዳለሁ?»

«በጋሪ» አለ ከማል።

አቶ ተክለጊዮርጊስ አንዴ መኪናቸውን፣ አንዴ ሞተሩን አዩ። «ፍታው» አሉና ማየት እንዳልፈለጉ ፊታቸውን አዙረው ወጡ።

ሥራው እስከ ከሰዓት በኋላ ወሰደ። ጠና የተሰነጠቀውን ቦቢና ነቅሎ ጣለ። ከፑንቲናው፣ እሳቱን በጊዜው ከሚቆርጠው፣ አንድ ሽቦ በቮላኖው ሥር አሾልኮ አወጣ፤ ከመኪናው ቦቢና ጋር፣ ከዚያም ከባትሪው ጋር አገናኘው። የውሃውን መንገድ በሽቦ ጠርጎ፣ በፓምፕ ነፍቶ፣ እንደገና ጠረገው። በርሜሉን አዲስ ውሃ ሞላ። ያኔ ከማል ለከሰዓቱ ሶላት ሄዷል፤ ጣቢታም ፋሻና ቅባት ልታመጣ ወጥታለች። ጠና ብቻውን ገመዱን ሳበ።

ተነሣ። ውሃው እስኪሞቅ ጠበቀ፤ ሞተሩ አልተናነቀም። ማንሻዋን ቀስ አድርጎ መለሳት፤ ሞተሩ ዝግ አለ፣ አጉረመረመ፣ ግን አልጠፋም። እጅግ ዝግ አደረገው፤ አሁንም አልጠፋም። አጥፍቶ፣ እንደጋለ፣ ደግሞ ሳበው፤ በመጀመሪያው ተነሣ። ጠና ጀሪካኑ ላይ ቁጭ አለ።

አሁን የሚፈራው መጣ። ሞተሩ ይሠራል ማለት ጣቢታ ትሄዳለች ማለት ነው። ሽቦው አዲስ ነው፣ ባትሪው ክፍት ጀልባ ውስጥ ይቀመጣል፤ አንድ ማዕበል ቢረጨው፣ አንድ ጫፍ በንዝረት ቢላላ፣ ሁሉም ነገር እንደዚያ ቀን ይሆናል፤ ጸጥታ፣ ነፋስ፣ የእነዚያ አውሬዎች ትንፋሽ። በዚህ ጊዜ ዓሣ አጥማጆቹ ላይደርሱ ይችላሉ። በርሜል ሐይቅ አይደለም። ቢጠይቁት «እርግጠኛ ነህ?» ብለው፣ አዎ ሊል አይችልም።

ሞተሩን አጠፋው። ወፍጮው ከጎን እየጮኸ ስለነበር የሞተሩን ድምፅ የሰማ የለም። ጠና ይህን አስተዋለ። የሚሠራ መሆኑን ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። አልሆነም ቢል ማንም አይጠረጥረውም። ቦቢናው መቃጠሉን ሁሉም አይቷል፤ የከማልም ስም ነጽቷል። አቶ ተክለጊዮርጊስ አዝነው ቦቢናቸውን መልሰው ይወስዳሉ። እህቱ ትበሳጫለች፤ ግን እዚሁ ሆሳዕና፣ ደረቅ መሬት ላይ ሆና ነው የምትበሳጨው።

እጁ ሳያስበው ከባትሪው ላይ የሽቦውን ጫፍ ነቀለ። በሁለት ጣቱ መሀል ያዘው፤ ቀጭን ነው፣ እንደ አንድ የቃጫ ክር። ማዶ ያሉትን ሊያስብ አልፈለገም፤ ሆኖም መጡበት። ፊት የላቸውም፣ አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው የወባን ትኩሳት ነው። ጣቢታ ትንሽ ሳለች ይዟት ያውቃል፤ ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ፣ ኪኒን የያዘ ሰው በዚያ በር ይገባ ይሆን እያለ ውሎ አድሮ ጠብቋል። ያኔ የመጣው ሰው በቅሎ ላይ ተቀምጦ በጎርፍ መሀል ነው የመጣው። ያ ሰው የሚፈራለት ወንድም ይኑረው አይኑረው ጠና አስቦም አያውቅም።

ከማል ከሶላት ተመለሰ። ወዲያው ጣቢታ ፋሻዋን ይዛ፣ አቶ ተክለጊዮርጊስም ከኋላዋ ገቡ። ሦስቱም አንድ ጊዜ በርሜሉን፣ አንድ ጊዜ ጠናን አዩ። ሽቦው አሁንም ጣቱ መሀል ነበር።

«ምነው ተነቅሏል?» አሉ አቶ ተክለጊዮርጊስ። «አልሆነም?»

ጣቢታ ወንድሟን ብቻ አየችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ፊቱን ማንበብ ታውቃለች፤ አሁንም እያነበበች እንደሆነ ጠና ገባው። ለመዋሸት ሁለት ቃል ይበቃው ነበር፤ ሁለቱም ምላሱ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር።

«ወንድም ጋሼ፣ ከፈራህ ፈራሁ በል» አለች በቀስታ። «እኔም ፈርቻለሁ። ሌሊት እንኳ አይለቀኝም።»

«እኔማ» አለ ከማል «ከሁላችሁም ይልቅ እፈራለሁ፤ እናንተ ገና አላወቃችኋቸውም፣ እኔ ዕድሜዬን አብሬያቸው ኖሬያለሁ።»

ጠና ጎንበስ ብሎ ሽቦውን ወደ ባትሪው መለሰና በፒንሳ አጠበቀው። ነካክቶ አየውና ደግሞ አጠበቀው። ከዚያ ቀና አለ።

«ሞተሩ ይሠራል» አለ። «ፈጠን ብሎም ቢሄድ፣ ዝግ ብሎም ቢሄድ አይጠፋም፤ ሞክሬዋለሁ። ሐይቁ ላይ ግን አልሞከርኩትም፤ ዋስ አልሆንለትም። ባትሪው ውሃ እንዳይነካው የሚጠብቀው፣ ሽቦው ቢላላ የሚያጠብቀው ሰው ጀልባዋ ላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ መሪውን ጋሽ ከማል ይይዛሉ፣ እኔ ባትሪውን ታቅፌ ከእህቴ ጎን እቀመጣለሁ፤ ነገ ሦስታችንም እንሄዳለን።»